ቁልፉን ይዞ የሞተው ፕሮሰስ

ስልኬ የጮኸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። የደወሉት የሕንፃው ጥበቃ ናቸው፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ እላቸዋለሁ። «ልጄ፣ ያ ነገራችሁ ዛሬም ደርቋል። በሩ አልከፈትም ብሏል፣ ሰልፉ አስፋልት ወጥቷል፣ ሰዉ የሚሰድበው ደግሞ እኔን ነው» አሉኝ። በሩን በእጅ እንዲከፍቱት ነገርኳቸውና ላፕቶፔን አወጣሁ።

ከቤቴ ሆኜ የፓርኪንጉን በር የሚቆጣጠረው ማሽን ውስጥ ገባሁ። የካሜራው ፕሮሰስ፣ ማለትም እየሄደ ያለው ፕሮግራም፣ አለ። የታርጋ አንባቢው ፕሮሰስም አለ። ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ቁጭ ብሏል። ሎጉ ላይ አንድም የስህተት መስመር የለም። ሁለቱም በሕይወት አሉ፣ ሁለቱም አንድ መቆለፊያ እስኪከፈት እየጠበቁ ነው። መቆለፊያውን የያዘው ፕሮሰስ ግን ከ20 ደቂቃ በፊት ሞቷል።

ከዚያ ምሽት በፊትም በኋላም ስለ የጋራ ሚሞሪ የተማርኩትን ልጻፍላችሁ። ያኔ የፈለግኩትን ያህል ፈልጌ በአማርኛ አንድ ገጽ አላገኘሁም። የተግባሮቹን ስም እዚህ በፊደላችን ነው የምጽፈው፤ ኮድ ላይ በለመዳችሁት መንገድ መልሱት። አንድ ነገር ብቻ፦ ሊኑክስ ላይ የዚህ ጉዳይ ምህጻረ ቃል ኤስ፣ ኤች፣ ኤም የሚሉት ሦስት ፊደላት ናቸው፤ እኛ ቢሮ «ሽም» ነው የምንለው። ሹም አይደለም፣ ሽም።

ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። የአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ፓርኪንግ አለ፤ በሩ ላይ ካሜራ አለ፤ መኪና ሲመጣ ታርጋው ይነበባል፣ ከተመዘገበ በሩ ይከፈታል። ከካሜራው ምስል የሚቀበለውን ፕሮግራም በሲ ጻፍኩት፤ ታርጋ የሚያነበውን ደግሞ በፓይተን። ሁለት ፕሮሰስ ያደረግኩበት ምክንያት ነበረኝ። ታርጋ አንባቢው ከባድ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይወድቃል፤ ካሜራው ደግሞ አንዴ ከተቋረጠ መልሶ ለመገናኘት ብዙ ሰከንድ ይፈጃል። አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞት እንዳይወድቅ ለየኋቸው።

ከለየኋቸው በኋላ ምስሉ ከአንዱ ወደ ሌላው በምን ይሂድ? መጀመሪያ በፓይፕ፣ ከአንድ ፕሮሰስ ወደ ሌላው ባይት በሚያፈሰው ቧንቧ፣ ሞከርኩ። ሒሳቡን እዩት። አንድ ፍሬም፣ ማለትም አንድ ምስል፣ 1920 በ1080 ነው፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት፤ ሲባዛ 6,220,800 ባይት። በሰከንድ 25 ፍሬም ስለሚመጣ 155 ሜጋባይት ገደማ በየሰከንዱ። ሊኑክስ ላይ ፓይፕ ሳትነኩት የሚይዘው 65,536 ባይት ነው። ስለዚህ አንዷን ፍሬም ለማሳለፍ ፓይፑ 95 ጊዜ ገደማ ሞልቶ መፍሰስ አለበት፤ ያውም ባይቱ ሁለቴ እየተቀዳ፣ መጀመሪያ ከጸሐፊው ወደ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት)፣ ቀጥሎ ከከርነል ወደ አንባቢው። በር ላይ ያለችው ትንሽ ማሽን ታርጋ ለማንበብ አቅም አልቀራትም።

የጋራ ሚሞሪ እዚህ ነው የሚገባው። እያንዳንዱ ፕሮሰስ በራሱ አጥር ግቢ ውስጥ እንደሚኖር አስቡት። በእኔ ግቢ «አድራሻ 1000» ያለው ነገርና በእናንተ ግቢ «አድራሻ 1000» ያለው አይገናኙም፤ የትኛው አድራሻ በእውነተኛው ራም ላይ የት እንደሚወድቅ የሚያውቀው ከርነሉ ነው፤ ይህንንም አብዛኛውን ጊዜ 4,096 ባይት በሆኑ ገጾች ከፋፍሎ በካርታ ይይዛል። የጋራ ሚሞሪ ማለት ከሁለት ግቢ ወደ አንድ ክፍል ሁለት በር መክፈት ነው። እኔ ስጽፍ አንተ ታያለህ፤ ማንም ምንም አይቀዳም።

ታዲያ ከርነሉ በሮቹን ከፍቶ ይሄዳል። እዚያ ቆሞ «አንተ ቆይ፣ አንተ ግባ» የሚል ዘበኛ የለም። ፓይፕ ላይ ይህን ሁሉ በነፃ ይሠራላችሁ ነበር፤ እዚህ ራሳችሁ ናችሁ የምትሠሩት። ፍጥነቱ የተገኘውም ከዚሁ ነው።

አጀማመሩ ሦስት እርምጃ ነው። «ሽም_ኦፕን» በስም ይከፍታል፤ «ኤፍትራንኬት» መጠኑን ይወስናል፤ «ኤምማፕ» «ማፕ_ሼርድ» በሚለው ምልክት ወደ ግቢያችሁ ያስገባዋል። ምልክቱን ተሳስታችሁ «ማፕ_ፕራይቬት» ካላችሁ የጻፋችሁት ለእናንተ ብቻ የተቀዳ ገጽ ላይ ይቀራል፤ ሌላው ፕሮሰስ ምንም አያይም፣ ስህተት የሚል መልእክትም አይመጣም። መካከለኛውን እርምጃ ከረሳችሁ ደግሞ አዲስ የተፈጠረው ነገር መጠኑ ዜሮ ስለሆነ ገና የመጀመሪያውን ባይት ስትጽፉ ፕሮግራሙ ይሞታል። ሊኑክስ ላይ ይህ ሁሉ «/ዴቭ/ሽም» በሚባል ማውጫ ውስጥ እንደ ተራ ፋይል ይታያል፤ ፋይሉ ግን ዲስክ ላይ ሳይሆን ራም ላይ ነው ያለው። ይህን ማወቄ በኋላ አድኖኛል።

የ8 ፍሬም ቀለበት ሠራሁ፦ ካሜራው በተራ ይጽፋል፣ 8ኛው ላይ ሲደርስ ወደ 1ኛው ይመለሳል። የሲፒዩው ጭነት ወዲያው ወረደ። ደስ አለኝ። ቡና ጋበዝኩ።

ሁለት ቀን ሳይሞላ ሚሞሪው መጥፋት ጀመረ።

ታርጋ አንባቢው በሆነ ምክንያት ይወድቃል፤ ሲስተምዲ፣ ሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ መልሶ ያስነሳዋል፤ ሲነሳ «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ይላል። ካሜራው ግን በሰላም እየጻፈ ነው! የሌለ ነገር ላይ እንዴት ይጻፋል? የካሜራውን ፕሮሰስ ካርታ «/ፕሮክ» ስር ገብቼ ሳየው፣ ከሚሞሪው ስም አጠገብ በቅንፍ «ተሰርዟል» የሚል ተጽፏል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ስሙ ከማውጫው ሲሰረዝ ሚሞሪው ራሱ አይጠፋም፤ የያዘው ፕሮሰስ እስካለ ድረስ ይኖራል። በሩ ተገንጥሎ ሳለ ካሜራው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ግድግዳ ይቀባ ነበር፤ አዲስ የመጣው አንባቢ ግን የሚገባበት የለውም።

ማነው የሰረዘው? ፓይተን። ከ3.8 ጀምሮ ለጋራ ሚሞሪ የራሱ ሞጁል አለው፤ እኔም የተጠቀምኩት እሱን ነው። ከበስተጀርባው ንብረት የሚቆጣጠር ሌላ ትንሽ ፕሮሰስ አለ፤ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ያልተጸዳ ነገር ካየ ያጸዳል። ችግሩ፣ ራሱ የፈጠረውንና በእንግድነት የከፈተውን አይለይም ነበር። እንግዳ ሆኖ ገብቶ ሲወጣ ቤቱን አፍርሶ ይሄዳል። በ3.13 ላይ «ትራክ» የሚል አማራጭ ጨምረውበታል፤ «ፎልስ» ካላችሁት እጁን ይሰበስባል። እኔ ያኔ ይህ ስላልነበረኝ ሞጁሉን ትቼ «/ዴቭ/ሽም» ውስጥ ያለውን ፋይል በተራ «ኤምማፕ» ከፈትኩት።

ተስተካከለ ብዬ ከማሽኑ ወጣሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጠፋ። ተመልሼ ገባሁ፣ አስነሳሁት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አፍጥጬ አየሁት፣ ንቅንቅ የለም። ወጣሁ፤ ጠፋ። ልጅ እናቱ ስታየው ጨዋ፣ ዞር ስትል ደግሞ ሌላ እንደሚሆነው። ለካ ፕሮሰሶቹን በራሴ የተጠቃሚ ስም ነበር የማስኬዳቸው። ሲስተምዲ ውስጥ «ሪሙቭአይፒሲ» የሚባል ቅንብር አለ፤ አንድ ተራ ተጠቃሚ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜው ሲወጣ በስሙ ያለውን የጋራ ሚሞሪ ሁሉ ይጠርጋል። አንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች ያጠፉታል፣ የእኔ ግን በርቶ ነበር። ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ በተራ ተጠቃሚ ስም ያስኬዱ ሰዎችም በዚሁ ተሰቃይተዋል፤ በመመሪያው ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። መፍትሔው ለአገልግሎቱ የሲስተም ተጠቃሚ መፍጠር ነው፤ ቅንብሩ የሲስተም ተጠቃሚዎችን አይነካም።

ይህን የማወራችሁ አንድ ምልክት ሁለት ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ለማሳየት ብቻ አይደለም። በዚያ የግራ መጋባት ሳምንት አንድ ሞኝ ነገር አደረግኩ። ችግሩ የስም ግጭት መስሎኝ፣ ካሜራው በተነሳ ቁጥር የፕሮሰስ ቁጥሩን እየቀጠለ አዲስ ስም እንዲፈጥር አደረግኩት፤ የአሁኑን ስምም በትንሽ ፋይል ላይ ይጽፋል፣ አንባቢው ከዚያ ያነባል። እውነተኞቹ ሁለት ጥፋተኞች ከተገኙ በኋላ ይህን መልሼ ማውጣት ረሳሁ። እና አሁን ሁኔታችንን አስቡት፦ ድሮ ሁሉም ይሰርዝ ነበር፤ አሁን የሚሰርዝ የለም።

ካሜራው ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ወጥቶ እንደገና ይነሳል። በተነሳ ቁጥር 8 ፍሬም፣ ማለትም 49,766,400 ባይት፣ አዲስ ይይዛል። የድሮው በስሙ እንደተመዘገበ ይቀመጣል፤ ፕሮሰሱ ቢሞትም አብሮት አይሞትም። ተራ ሚሞሪ ቢሆን ከርነሉ ፕሮሰሱ ሲሞት ሁሉንም ይሰበስብ ነበር። የጋራው ግን ስሙ እስኪሰረዝ ወይም ማሽኑ እስኪጠፋ ይኖራል።

ለሁለት ወር ምንም አልሆነም። ምክንያቱን ስረዳው ሳቄ መጣ፤ መብራት ይሄድ ነበር! መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ ይጠፋል፣ ራሙ ባዶ ይሆናል፣ ቆሻሻው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። መብራቱ ሳናውቀው የጽዳት ሠራተኛችን ነበር። ከዚያ የሕንፃው አስተዳደር ባትሪ ገዛ፤ ማሽኑ ሳይጠፋ ሳምንታት ቆየ። ሁላችንም አጨበጨብን።

ራሙ 8 ጊጋባይት ነው። «/ዴቭ/ሽም» እንዲይዝ የሚፈቀድለት፣ ካልነካችሁት፣ የራሙን ግማሽ ነው። ከ80 በላይ የካሜራ መነሳት በኋላ ወደ 4 ጊጋባይት ተጠጋ። የቀረው ደግሞ ለታርጋ አንባቢው ጠበበ። እኔ በመሃል አንድ ቀን ሚሞሪው መቀነሱን አይቼ «አይፒሲኤስ -ኤም» ብዬ ፈትሼ ነበር፤ ባዶ ነው ያለኝ። ያ ትእዛዝ የሚያሳየው በድሮው በሲስተም ፋይቭ መንገድ፣ በ«ሽምጌት» የተፈጠሩትን ነው። የእኔዎቹ በሌላው፣ በፖዚክስ መንገድ፣ በ«ሽም_ኦፕን» የተፈጠሩ ስለሆኑ አያያቸውም። ማየት ያለባችሁ «ኤልኤስ -ኤል /ዴቭ/ሽም» ወይም «ዲኤፍ -ኤች /ዴቭ/ሽም» ነው። ያን ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ ጋሼ ባልተሰደቡ ነበር።

አሁን ወደዚያ ምሽት እንመለስ። ራሙ ሲሞላ ከርነሉ አንድ ሰው ይገድላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ብዙ የያዘውን ነው፣ እኛ ጋ ታርጋ አንባቢውን። የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየው «ዲሜሴግ» ላይ ግልጽ አድርጎ ጽፎታል። እዚህ ጋ የሚያናድደው፣ አንባቢው መሞቱ የተከማቸውን የጋራ ሚሞሪ አንዲት ባይት አያስለቅቅም፤ ባለቤት የሌለው ንብረት ስለሆነ የሚገደልለት ባለቤት የለም።

አንባቢው ሲሞት ደግሞ መቆለፊያውን ይዞ ነበር። ስለ መቆለፊያው ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ይህ ክፍል ነው ብዙ ሰው የሚወድቅበት።

መጀመሪያ መቆለፊያ አልነበረኝም። 8 ፍሬም አለ፣ አንባቢው ሁልጊዜ አዲሱን ይወስዳል፣ ጸሐፊው እስኪደርስበት ጊዜ አለ ብዬ ነበር። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲጻፍ 8ቱን ለመዞር 0.32 ሰከንድ ነው የሚፈጀው። አንባቢያችን ግን ማሽኑ ሲጨናነቅ አንዷን ፍሬም 0.4 ሰከንድ ያህል ይዞ ይቆያል። ጸሐፊው ዞሮ ይመጣና እያነበበ ባለው ላይ ይጽፍበታል። አንድ ጠዋት የተመዘገቡትን ምስሎች ሳገላብጥ አንድ ጉድ አየሁ፦ ከላይ የነጭ ቪትዝ ጣሪያና መስታወት፣ ከታች የአይሱዙ መከላከያ ከነታርጋው። መሃሉ ላይ በምላጭ የተቆረጠ የመሰለ ቀጥ ያለ መስመር። ያ ታርጋ በቪትዝ ስም ተመዝግቧል። ለባልደረቦቼ ሳሳያቸው አንዱ «ይኼ መኪና ስንት ይሸጣል?» አለ።

ስለዚህ ሚዩቴክስ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ የሚይዘው መቆለፊያ፣ አስገባሁ፣ የጋራ ሚሞሪው ራሱ ውስጥ አስቀምጬ፤ ከፓይተን በኩል በትንሽ የሲ ላይብረሪ እጠራዋለሁ። ሲፈጠር «ፒትሬድ_ፕሮሰስ_ሼርድ» መባል አለበት። ይህን ከረሳችሁ ስትሞክሩት ይሠራል፤ አንዱ እንቅልፍ የገባው ጊዜ ግን ሌላው ፕሮሰስ ሲከፍት ቀስቃሽ የለውም።

ስህተቴ ይህ አልነበረም። አንባቢው ቆልፎ፣ ታርጋውን አንብቦ ጨርሶ፣ ከዚያ ነበር የሚከፍተው። ማለትም ከሥራ ጊዜው አብዛኛውን ቁልፉን ይዞ ነው የሚያሳልፈው፤ ብዙ ሚሞሪ የሚበላውም በዚያው ጊዜ ነው። የተገደለበት ቅጽበት ቁልፉን የያዘበት መሆኑ ዕድል አልነበረም፣ እኔው ያዘጋጀሁት ነው። በጋራ ግቢ ውስጥ ከውስጥ ቆልፎ ሽንት ቤት የሞተ ሰው አስቡ። ሲስተምዲ አዲስ አንባቢ አስነሳ፤ አዲሱ መጥቶ በሩ ላይ ተሰለፈ። ካሜራው ከበፊቱ ተሰልፏል። ሎጉ ላይ ምንም ያልተጻፈው ለዚህ ነው፤ መጠበቅ ስህተት አይደለም።

የሚዩቴክሱን ባሕርይ ስትፈጥሩ «ሮባስት» የሚል አማራጭ አለ። እሱ ከተመረጠ፣ የያዘው ሲሞት ከርነሉ ያውቃል፤ ቀጥሎ ለመቆለፍ የመጣው ቁልፉን ያገኛል፣ ግን «ኢኦውነርዴድ» ከሚል መልስ ጋር፦ ያንተ ነው፣ የቀድሞው ባለቤት ግን ሞቷል። እዚህ ጋ ሁለት ነገር ማድረግ አለባችሁ። አንደኛ፣ ሟቹ ምን ጀምሮ እንደተወ መመርመር። እኔ ጋ ቀላል ነው፤ እየተጻፈች የነበረችውን ፍሬም «አትጠቀሙባት» ብዬ ምልክት አደርጋለሁ። የሒሳብ ቁጥር ቢሆን ግን ግማሹ ተቀንሶ ግማሹ ያልተጨመረ ሊሆን ስለሚችል እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። ሁለተኛ፣ «ፒትሬድ_ሚዩቴክስ_ኮንሲስተንት» ብላችሁ መጥራት። ይህን ሳትጠሩ ከከፈታችሁት ሚዩቴክሱ ከዚያ በኋላ ለማንም አይሠራም፤ ከባዶ ካልተሠራ አይመለስም። እኔ መጀመሪያ ስሞክር የረሳሁት እሱን ነው።

ከዚያ የመቆለፊያ ጊዜውን አሳጠርኩ። አንባቢው አሁን ቆልፎ ፍሬሟን ወደ ራሱ ግቢ ይቀዳል፣ ከፍቶ ይወጣል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ያነባል። «ላለመቅዳት ብለን አልነበረም እንዴ የገባንበት?» ትሉ ይሆናል። አዎ። ግን 6 ሜጋባይት አንዴ መቅዳት ጥቂት ሚሊሰከንድ ነው፤ ያውም ከ25ቱ ፍሬም አንባቢው የሚደርስባቸው 2 ወይም 3 ብቻ ናቸው። ፓይፑ ግን 25ቱንም ሁለት ሁለቴ ይቀዳ ነበር።

አንዳንድ ሰው መቆለፊያ ሳይጠቀም በቆጣሪ ብቻ ይሠራዋል፦ ጸሐፊው ከመጀመሩ በፊት ቆጣሪውን ጎዶሎ፣ ሲጨርስ ሙሉ ያደርገዋል፤ አንባቢው ከማንበቡ በፊትና በኋላ ያየው ቁጥር ሙሉ ካልሆነ ወይም ካልተመሳሰለ ያነበበውን ይጥላል። ጥሩ መንገድ ነው፣ እኔም ወድጄው ነበር። ቢሮ ባለው የኢንቴል ማሽን አንድም ቀን አልተሳሳተም። ሁለተኛው በር ላይ ርካሽ የኤአርኤም ቦርድ ስናደርግ ግን የተቆረጡት መኪኖች ተመልሰው መጡ። ኢንቴል አንድ ኮር የጻፋቸውን ነገሮች ሌሎች ኮሮች በተጻፉበት ቅደም ተከተል እንዲያዩአቸው ያደርጋል፤ ኤአርኤም ግን ካልነገራችሁት ቆጣሪውን ከምስሉ ቀድሞ ሊያሳይ ይችላል። ሲ ላይ ተለዋዋጩን «ቮላታይል» ማለት አይበቃም፤ የሲ አቶሚክ ተግባሮችን ከትክክለኛው የ«አኳየር» እና የ«ሪሊስ» ሥርዓት ጋር መጠቀም ያስፈልጋል። እኔ ይህን በደንብ የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ስላልነበረ ወደ ሚዩቴክሱ ተመለስኩ፤ አላፈርኩበትም።

ቀጥሎ ሁሉን ወደ ዶከር፣ ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የታጠረ ሳጥን ውስጥ ወደሚያስኬደው መሣሪያ፣ በአንድ ኮንቴይነር አዛወርን፣ አብሮም ሁለተኛ ካሜራ ተጨመረ። የመጀመሪያው ካሜራ ይሠራል። ሁለተኛው ተነስቶ በቅጽበት ይሞታል። ፕሮሰሱ ሲሞት የተወው የመውጫ ቁጥር 135 ነበር። ከዚህ ላይ 128 ስትቀንሱ 7 ይቀራል፤ ሊኑክስ ላይ ሲግናል 7 «ባስ ኤረር» ነው። በደንብ ከምታውቁት «ሴግመንቴሽን ፎልት» ይለያል፦ አድራሻው በካርታው ላይ አለ፣ ከኋላው ግን የሚሰጥ ሚሞሪ የለም።

ዶከር ለእያንዳንዱ ኮንቴይነር የሚሰጠው «/ዴቭ/ሽም»፣ ካልጠየቃችሁት፣ 64 ሜጋባይት ነው፤ በባይት 67,108,864። የመጀመሪያው ካሜራ 8 ፍሬሙን ሲሞላ 17 ሚሊዮን ባይት ገደማ ይቀራል። ሁለተኛው ካሜራ ሁለት ፍሬም ሙሉ ጻፈ፤ ሦስተኛዋ መሃል ላይ ሳለ አለቀበት፣ ሞተ። ግራ ያጋባኝ «ኤፍትራንኬት» ምንም ሳይል ማለፉ ነው። እሱ መጠኑን ይመዘግባል እንጂ ቦታውን አይዝም፤ ቦታው የሚያዘው ገጹ መጀመሪያ ሲነካ ነው። ይህ እንደ ሰርግ ጥሪ ነው፣ 500 ሰው መጥራት ይቻላል፣ ወንበር መኖሩ የሚታወቀው ግን ሰው ሲቀመጥ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አደረግኩ። ኮንቴይነሩን ሳስነሳ በ«ሽም-ሳይዝ» 256 ሜጋባይት ሰጠሁት። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሁለተኛው ነው፦ ገና ስፈጥረው «ፖዚክስ_ፎልኬት» እጠራለሁ። እሱ ቦታውን በእውነት ይይዛል፤ ከሌለ ደግሞ ገና በጠዋቱ «ቦታ የለም» የሚል ንጹህ ስህተት ይመልሳል፣ ሎግ ላይ ይጻፋል። በሥራ መሃል ያለ ቃል ከመሞት ይሻላል። ካሜራውንና አንባቢውን በሁለት የተለያዩ ኮንቴይነሮች ብታስቀምጡ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱ «/ዴቭ/ሽም» ስላለው ስሙ አንድ ቢሆንም አይተያዩም፤ የአይፒሲ (ፕሮሰሶች የሚገናኙበት) ክፍላቸውን አንድ እንዲያደርጉ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል።

ጥቃቅኖቹን ቶሎ ቶሎ ልለፍ። የጋራ ሚሞሪ ውስጥ ፖይንተር፣ ማለትም የሚሞሪ አድራሻ፣ አታስቀምጡ፤ ክፍሉ በእኔ ግቢ በስተቀኝ፣ በአንተ በስተግራ ሊሆን ስለሚችል አድራሻው ለሌላው ትርጉም የለውም። ከክፍሉ መጀመሪያ ስንት ባይት እንደሚርቅ ጻፉ። ፈቃዱን በተመለከተ፣ በ«ሽም_ኦፕን» የሰጣችሁትን «ዩማስክ» የሚባለው የፕሮሰሱ ቅንብር ይቀንሰዋል፤ ካሜራው በአንድ ተጠቃሚ፣ አንባቢው በሌላ ሲሄዱ «ፈቃድ የለም» ካላችሁ መጀመሪያ እዚያ እዩ። አለቃችሁ የፕሮሰሶችን ፍጆታ የሚያሳየውን «ቶፕ» ከፍቶ «ሁለቱም ይህን ያህል ሚሞሪ ይበላሉ?» ቢል ደግሞ፣ የጋራው በሁለቱም ላይ ሙሉ በሙሉ ስለሚቆጠር መሆኑን ንገሩት፤ «/ፕሮክ» ስር «ስማፕስ» ውስጥ ያለው «ፒኤስኤስ» ለተጋሪዎቹ አካፍሎ ስለሚቆጥር ወደ እውነቱ ይቀርባል።

አሁን የምሠራበት አካሄድ ይህ ነው። የሚፈጥረው ካሜራው ብቻ ነው፣ የሚሰርዘውም እሱ ብቻ። ስሙ ቋሚ ነው። ሲነሳ መጀመሪያ በዚያ ስም ያለውን አሮጌ ይሰርዛል፣ ከዚያ «አዲስ ካልሆነ አትፍጠር» በሚለው ምልክት ይፈጥራል፣ ቦታውን ይይዛል፣ ሚዩቴክሱን ያዘጋጃል። ከፊት ለፊቱ ትንሽ ራስጌ አለ፦ የቅርጹ እትም፣ የፍሬሙ መጠን፣ በየፍሬሙ የሚጨምር ቆጣሪ፣ እና እኔና ባልደረባዬ የተስማማንበት አንድ የምስጢር ቁጥር። የምስጢር ቁጥሩ የሚጻፈው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ በመጨረሻ ነው፤ እሱን ያላየ አንባቢ «ቤቱ ገና አልተጠናቀቀም» ብሎ ይጠብቃል። ይህ ባልነበረ ጊዜ አንባቢው ያልተዘጋጀ ሚዩቴክስ ለመቆለፍ እየሞከረ ይንጠለጠል ነበር። አንባቢው አይፈጥርም፣ አይሰርዝም፤ ቆጣሪው 2 ሰከንድ ካልተንቀሳቀሰ ግን የያዘው የድሮው ክፍል ሊሆን ስለሚችል ትቶት ወጥቶ በስሙ እንደገና ይከፍታል።

ዛሬ ከባዶ ብጀምር ስም እንኳ አልሰጠውም ነበር። ሊኑክስ ከ2014 ጀምሮ፣ ከከርነል 3.17 ወዲህ፣ «ሜምኤፍዲ_ክሪኤት» አለው፤ ስም የሌለው ሚሞሪ ይፈጥራል፣ እሱን የሚያመለክተውን ቁጥር በዩኒክስ ሶኬት ለሌላው ፕሮሰስ ታቀብሉታላችሁ፣ የመጨረሻው ያዥ ሲሞት ከርነሉ ራሱ ያጸዳዋል። የባለቤትነት ክርክር የለም፣ የሚከማች ቆሻሻም የለም። ትንሽ መልእክት ለሚለዋወጡ ፕሮሰሶች ደግሞ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። የታርጋውን ቁጥር ከአንባቢው ወደ በሩ መቆጣጠሪያ የምልከው እስከ ዛሬ በተራ ሶኬት ነው።

ባለፈው ሳምንት ሰልፉ በረዘመበት ሰዓት ሕንፃው ድረስ ሄጄ፣ ጋሼ ሳያዩኝ አንድ ጥግ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ካሜራውን በ«ኪል -9» ገደልኩት። የመጣው አንድ ቪትዝ ነበር። በሩ ጥቂት ሰከንድ ዘገየና ተከፈተ። ትንሽ ቆይቼ አንባቢውንም ገደልኩት። ጋሼ ሻያቸውን እየጠጡ ነበር፤ ቀና አላሉም።